ማን ከማን ጋር እጁን አወጣ

ማክሰኞ

አሜሪካ ወጣችልኝ። ዲቪ አይደለም፤ የማስተማር ፈተና ርዕስ ነው። ኮሌጁ አንድ ቋሚ የታሪክ መምህር ሊቀጥር ነው፣ የእኔ ኮንትራት ደግሞ እያለቀ ነው። ዕጣ አነሣሁ፤ «የአሜሪካ ጥቁሮች የሲቪል መብት ሕግና የፖለቲካ ፓርቲዎች» ይላል። ዓርብ ጠዋት ተማሪዎች በተቀመጡበት ሦስት ፈታኞች ፊት አስተምራለሁ። ካለፍሁ ቋሚ ነኝ። ካልሆነ ሹም አቦ ሰፈር ያለውን የኪራይ ቤቴን ለቅቄ፣ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ አባባ ቤት። በዚህ ዕድሜዬ!

ፈታኞቼን ቆጠርሁ፦

ጋሽ ምትኩ፣ የታሪክ ትምህርት ክፍላችን ኃላፊ፦ የእኔ ሰው። ያስተማሩኝም እዚህ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው።

ዶክተር ሐረገወይን፦ በፍጹም! ሰላምታዬን እንኳ በአገጯ ነው የምትመልሰው።

ሦስተኛው ከሌላ ክፍል የሚመጣ ሰው ነው፤ አላውቀውም።

አንድ ድምፅ በእጄ አለ፤ አንድ ይጎድለኛል። ርዕሱ ደግሞ ቀላል ነው። የጋሽ ምትኩ ሃንድአውት አለኝ፤ ክፍሉ በሙሉ የሚያስተምረው በእሱ ነው። ዴሞክራቶች ሕጉን አወጡ፣ ሪፐብሊካኖች ተቃወሙ። አለቀ።

ረቡዕ

አላለቀም። ምናለ ባልነካካሁት!

ትምህርቱን ላሳምር ብዬ የአሜሪካ ምክር ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1964 በሕጉ ላይ የሰጡትን የድምፅ ውጤት ፈለግሁ። ኔትወርክ ሲመጣ ሲጠፋ ከሰዓት በኋላ ገጹ ተከፈተልኝ። ለካ ድምፅ እንዳይሰጥበት ሕጉን ማብቂያ በሌለው ንግግር አንቀው የያዙት ራሳቸው ዴሞክራቶች ናቸው፣ የደቡብ ግዛቶቹ። ፕሬዚዳንቱ ዴሞክራት፣ አናቂዎቹም ዴሞክራት! ንግግሩ እንዲቆም ደግሞ አብዛኞቹ ሪፐብሊካኖች ከሰሜን ዴሞክራቶች ጋር ድምፅ ሰጡ። በመቶኛ ሲሰላማ ሕጉን በብዛት የደገፉት ሪፐብሊካኖቹ ናቸው።

ደግሜ አነበብሁት። ስሕተቱ ከየት እንደመጣም ገባኝ። እኛ ፓርቲ ሲባል የምናውቀው አንድ እጅ ነው። አንዱ ሲያወጣ አዳራሹ በሙሉ ያወጣል፤ በቴሌቪዥን ስናይ ያደግነው ይህንኑ ነው። ሰው ፓርቲው ውስጥ ተቀምጦ ፓርቲውን እምቢ ይላል ብሎ ማን ያስባል? ጋሽ ምትኩም አላሰቡም፣ እኔም አላሰብሁም።

አሁን ምን ይውጠኝ? ሃንድአውቱን ይዤ ብገባ ያልሆነ ነገር አስተምራለሁ። ባርመው ደግሞ ጋሽ ምትኩን በሰው ፊት ማሳፈሬ ነው። ከሳቸው ድምፅ በቀር የምተማመንበት የለኝም።

ሐሙስ

ቀድሜ ለብቻቸው ልንገራቸው ብዬ ቢሯቸው ሄድሁ። «ጋሽ ምትኩ፣ ሃንድአውቱ ላይ አንድ ነገር አግኝቼ...» አልሁ። የድምፁን ውጤት ያተምሁበትን ወረቀት ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡ።

«በዚህ ሃንድአውት እኮ አንቺም ተምረሽበታል» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲህ እንደ መሰለሽ።» ወረቀቱን መለሱልኝ። ሌላ ጊዜ በር ድረስ ይሸኙኛል፤ ዛሬ ከወንበራቸው አልተነሡም።

ቤት መግባት አስጠላኝ። ወደ ሐይቁ ዳር፣ አባባ ጋ ሄድሁ። አባባ ጀልባ ሠሪ ነው። አዲስ ጀልባ ጨርሶ ወደ ውኃ ሊያስገባ ሰው እየጠራ ደረስሁ። እኛ ሰፈር ጀልባ ሲገፋ ዳር ላይ ያለ ሁሉ ይጠራል፤ የተጣላም ቢሆን አይቀርም። አባባና ጎረቤቱ ሐጂ ሰዒድ በጣውላ ጉዳይ ከተኳረፉ ቆይተዋል። ዛሬ ጎን ለጎን ትከሻቸውን ሰጥተው «ያ አላህ!» እያሉ ገፉ። ጀልባዋ ገባች። ሐጂ እጃቸውን አራገፉና ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉ ሄዱ።

«ታዲያ ለምን አትታረቁም?» አልሁት አባባን።

«ምን አገናኘው? ጀልባዋ መግባት ነበረባት» አለኝና መዶሻውን መፈለግ ጀመረ።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ትምህርቴን እንደ አዲስ ጻፍሁት።

ዓርብ

አስተማርሁ። የጀልባዋን ነገር ጭምር ተናገርሁ። ሕጉን የማይዋደዱ ሰዎች ተባብረው ገፍተው እንዳስገቡት፣ ከዚያም በየፊናቸው እንደሄዱ፤ የደቡቡ ነጭ መራጭ ቀስ በቀስ ወደ ሪፐብሊካን እንደዞረ፤ ዛሬ የምናየው መልካቸው ከዚያ ወዲህ የመጣ መሆኑን አስረዳሁ። ጠመኔው ይወድቅብኛል። የተሰጠኝም ሰዓት አለፈ።

ዶክተር ሐረገወይን ጠየቀችኝ፦ «ክፍላችን የሚያስተምርበት ጽሑፍ እንዲህ አይልም። የተሳሳተው ማን ነው?»

ያ ረቢ! ወደ ጋሽ ምትኩ ቀና ብዬ አላየሁም። «ሁላችንም ነን» ልል አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

«ጽሑፉ የእኔ ነው። የተሳሳትሁትም እኔ ነኝ። ቀጥይ።»

እንባዬ መጣ። ዋጥ አድርጌ ቀጠልሁ። የእኔ ሰው፣ አላሳፈሩኝም! የሳቸውስ ድምፅ በእጄ ነው፤ ያቺን ሐረገወይንን ግን እርሻት።

ቅዳሜ

አለፍሁ! ቋሚ ሆንሁ! ደውለው የነገሩኝ ራሳቸው ጋሽ ምትኩ ናቸው። ጮኽሁ። አመሰገንሁ። እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር፣ እድሜ ይስጥልኝ፣ ምኑ ቅጡ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«እኔን አታመስግኚ» አሉ። «እኔ አልደገፍሁሽም። ያሳለፉሽ ሁለቱ ናቸው። ሰዓት አሳለፍሽ፤ ለተማሪው መጻፊያ ጊዜም አልሰጠሽም። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ብዬ ነው የነገርሁሽ።»

ሐረገወይን! እጇን ያወጣችልኝ ሐረገወይን ናት! ስንቱን ስቆጥር ከርሜ አንዱም እንደ ቆጠርሁት አልሆነ።

እውነት ያልደገፉኝ በሰዓቱ ነው ወይስ በሃንድአውቱ? አላውቅም። ሰዓት ማሳለፌ እውነት ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» ማለታቸውም እውነት ነው። ደስ ብሎኛል፣ ከፍቶኛልም፤ ሁለቱም አንድ ላይ።

ለአባባ ደውዬ ሁሉንም ነገርሁት። «ሥራውን ግን አገኘሽ?» አለኝ። አዎ አልሁት። «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ዘጋው።

ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የምሄደው ጋሽ ምትኩ ቢሮ ነው። እንደ ወትሮዬ ዝቅ ብዬ ሰላም እላቸዋለሁ። ስወጣ በር ድረስ ይሸኙኝ እንደሆነ እንጃ።