ሁለት ዓቢዳዎችን በአንድ ረድፍ ላስቀመጡልን ክቡር ኃላፊ

ይድረስ ለክቡር የጤና መረጃ ሥርዓት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ በእርስዎና በመላው ቤተሰብዎ ላይ ሰላም ይውረድ እያልሁ፣ እንደምን እንደሰነበቱ በትሕትና እጠይቃለሁ። አላህ ጤናዎን ይጠብቅልዎ። ይህን ዱዓ የማደርገው ከልቤ ነው፤ እርስዎ የታመሙ እንደሆነ መድኃኒት ለማግኘት ራስዎ ባሠሩት ሰንጠረዥ ላይ መገኘት ይኖርብዎታልና፣ ይህን ደግሞ ለጠላቴም አልመኝም።

አብዱልሐሊም እባላለሁ፤ መርሳ ከተማ መምህር ነኝ። ባለቤቴ ዓቢዳ ሰይድ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። በሽታው ግን በመድኃኒት ተገርቶ ስለኖረ፣ ከተጋባን ወዲህ አንድም ቀን ጥሏት አያውቅም ነበር። መድኃኒቷን በየወሩ የምትወስደው ስሙን ላለማንሳት ከመረጥሁት ጤና ተቋም ሲሆን፣ የምትወስደውም በወረቀት ካርድ ነበር። ካርዷ ጥግ ጥጉ ተበልቶ፣ ቀለሙ ደብዝዞ ነበር፤ ነገር ግን አንድም ቀን ሌላ ሰው ሆኖ አያውቅም።

እርስዎ ግን አዝነውልን ካርዱን አስቀርተው በኮምፒውተር ስለተኩልን፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቀርብ ተነሥቻለሁ።

፩ኛ. ባለቤቴ ያልወሰደችውን መድኃኒት እንደወሰደች ስለመዘገቡልኝ አመሰግናለሁ። አዲሱ ሥርዓት በተጀመረ ሰሞን ወደ መስኮቱ ስትቀርብ፣ እዚያ የምትሠራው ሩት የምትባል ትሑት ልጅ ስክሪኑን አይታ፣ «እህቴ፣ የዚህን ወር ወስደሻል ይላል» አለቻት። ባለቤቴም «እኔ ዛሬ ነው የመጣሁት» ብትል፣ ሩት «አውቃለሁ፤ ግን ወስደሻል ካለ ከዚህ በላይ አይከፍትልኝም» ብላ አንገቷን ደፋች። በማግስቱ እኔ ራሴ ሄጄ ስለምናት፣ ልጅቱ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችልኝ። በአንዱ ረድፍ ላይ የባለቤቴ ስምና የእኔ ስልክ ቁጥር አለ፤ ዕድሜ ግን ስድሳ ሦስት ይላል፣ ቀበሌው ውርጌሳ ነው፣ ሕመሙ ደግሞ የደም ግፊትና የሚጥል በሽታ ተብሎ ተደርቧል። ባለቤቴ ገና ሠላሳ አልሞላትም። በአንድ ወር ውስጥ ይህን ያህል ላስረጇት እጅዎ አይንጠፍ።

፪ኛ. ለትዕግሥት ትምህርትዎ አመሰግናለሁ። ወደ ቢሮዎ መጥቼ ባመለክት «ይታያል» ተባልሁ፤ ተመልሼ ብመጣም «እየታየ ነው» ተባልሁ። በዚህ መካከል ያን መድኃኒት በመርሳም በወልድያም የግል መድኃኒት ቤቶች ዞሬ ፈለግሁት፤ ከገበያ ጠፍቷል አሉኝ። ቤት ያለው ሲያልቅ ባለቤቴ ባዶውን ብልቃጥ አጥባ መደርደሪያው ላይ ደፋችው።

፫ኛ. የሦስተኛውን ምስጋና እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው ቸግሮኛል፤ ስለዚህ በቁጥር መሄዱን እዚህ ላይ ትቼ፣ የሆነውን እንደሆነ ልንገርዎ።

ባለቤቴ ከቤታችን ጓሮ ባለው የመስኖ ቦይ ዳር ልብስ እያጠበች፣ በእግሯ መሄድ የጀመረችው ልጃችን ቶይባ አጠገቧ ትጫወት ነበር። ባለቤቴን በሽታው እዚያው ጣላት፤ በፊቷ ተደፍታ ቦዩ ውስጥ ወደቀች። ጎረቤታችን ወይዘሮ ደብሪቱ የሕፃኗን ጩኸት ሰምታ ሮጣ ባትደርስ ኖሮ፣ እኔም ዛሬ ሌላ ዓይነት ደብዳቤ እጽፍልዎ ነበር። ከትምህርት ቤት ተጠርቼ ስመጣ ደብሪቱ የባለቤቴን ጭንቅላት ታፋዋ ላይ አስደግፋ፣ የራሷም ቀሚስ እስከ ወገቡ በጭቃ ርሶ፣ «ተንፍሳለች፣ ተንፍሳለች፣ አትሩጥ» ትለኝ ነበር። እመቤቴን ትጠራለች፤ እኔም አላህን እጠራለሁ።

ባለቤቴ ዳነች፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጇን ቆማ አታቅፍም። መሬት ላይ ትቀመጥና ቶይባ ወደ እርሷ ትመጣለች። «እጄን አላምነውም» ትለኛለች። ክቡር ኃላፊ ሆይ፣ ለዚህ የሚሆን ዓምድ በሰንጠረዥዎ ላይ ፈልጌ አላገኘሁም።

ከአደጋው በኋላ ይዣት ወደ መስኮቱ ስንሄድ፣ ከፊታችን አንዲት አሮጊት ከሩት ጋር ይነጋገሩ ነበር። «ልጄ፣ ይኼ የግፊት መድኃኒት ያላችሁኝ ያስተኛኛል። ከጁምዓ እስከ ጁምዓ እንቅልፍ ነው፤ ሰላቴም አመለጠኝ፤ ግፊቴም አልወረደ» ይላሉ። ሩትም ብልቃጡን ተቀብላ አየችው፤ ቀጥሎም እኛን አየች፤ ፊቷ ተለዋወጠ። «እትዬ፣ ስምዎ ማን ነው?» አለቻቸው፤ እሳቸውም «ዓቢዳ ሰይድ፣ ከውርጌሳ» አሉ።

የባለቤቴን መድኃኒት ሲውጡ የከረሙት እሳቸው ነበሩ። ነገሩ ሲገባቸው ብልቃጡን በሁለት እጃቸው ይዘው ለባለቤቴ እየዘረጉ፣ «የኔ ልጅ፣ ጤናሽን ሳላውቅ እየበላሁት ነበር፤ ዐውፍ በይኝ» ብለው አለቀሱ። ባለቤቴም ትከሻቸውን ስማ፣ «እርስዎ ምን አደረጉ? እርስዎም እንደኔው ነዎት» አለቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ተቀጣጥረው ይሄዱ ጀመር። እትዬ ዓቢዳ ከውርጌሳ በሚመጣው ሚኒባስ ተሳፍረው ሲመጡ፣ መርሳ ላይ ባለቤቴ ትሳፈራለች፤ መስኮቱ ላይም አብረው ይቆማሉ። ሩትም ስክሪኑን ትታ ሁለቱን በዓይኗ እያየች፣ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ትሰጥ ነበር። ሥርዓትዎ በደንብ የሠራው በእነዚያ ወራት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በመጨረሻ ማመልከቻዬ ታይቶ ሚስባህ የሚባል ባለሙያ ተላከልን። ጨዋ ሰው ነው፤ በግልጽ አስረዳኝ። መረጃው ከየቀበሌው ሲሰበሰብ አንዱ ቀበሌ የአያት ስም ጽፏል፣ ሌላው አልጻፈም፤ አንዱ ስልክ አለው፣ ሌላው የለውም። ስለዚህ ረድፎቹ እኩል አልሆኑም። «ሰንጠረዡ ባዶ ቦታ ሲያጋጥመው ገጹ እንዳይበላሽ፣ ከሚመስለው ረድፍ ወስዶ እንዲሞላ ተደርጎ ነው የተሠራው» አለኝ። «ባዶውን ባዶ ብሎ ቢያሳይስ? ሩት ጠይቃ ትሞላው ነበር እኮ» ስለው፣ «ባዶ የበዛበት ሰንጠረዥ ለሪፖርት አያምርም» አለኝ። ለውበት ያለዎትን ፍቅር የተረዳሁት ያኔ ነው።

ብዙም ሳይቆይ «ተስተካክሏል» ተብሎ ተደወለልን። እውነትም የባለቤቴ ረድፍ እንደ መስታወት ጠርቷል፤ ዕድሜዋ ተመልሷል፣ ቀበሌዋ መርሳ ሆኗል፣ ሕመሟም አንድ ብቻ ነው። ሁለቱም ተደስተው እንደ ልማዳቸው አብረው ሄዱ። ባለቤቴ መድኃኒቷን ተቀበለች። እትዬ ዓቢዳ ሲቀርቡ ሩት ደጋግማ ፈለገች፤ ከዚያም ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ «እትዬ፣ የሉም። ተደጋጋሚ ረድፍ ስለሆነ ተሰርዟል ይላል» አለች። እሳቸውም «እኔ ነኝ ተደጋጋሚ?» ብለው ጠየቁ። ያለ ረድፍ መድኃኒት የሰጠ ይጠየቃል የሚል ትእዛዝ ከእርስዎ ቢሮ መጥቶ ስለነበር፣ ሩት ልትረዳቸው አልቻለችም።

ባለቤቴ ያን ዕለት ቤት ገብታ መድኃኒቷን ከፊቴ አስቀመጠችና፣ «አብዱልሐሊም፣ እኔ የተገኘሁት እሳቸው ጠፍተው ከሆነ፣ ይኼ ማስተካከል አይደለም። ጻፍ» አለችኝ። እኔም ለእሳቸው አመለከትሁ፤ «ባለጉዳይዋ ራሳቸው ይቅረቡ፤ ሲቀርቡም ረድፋቸውን ይዘው ይምጡ» የሚል መልስ ተሰጠኝ። ይህን ስናመላልስ እትዬ ዓቢዳ ያለ መድኃኒት ከረሙ። ባለፈው ወር ንጋት ላይ ለሱብሒ ሰላት ውዱእ ሊያደርጉ ሲነሡ ግራ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው፤ አንደበታቸውም ተሳሰረ። አሁን ውርጌሳ ልጃቸው ዘንድ ተኝተዋል። ባለቤቴ በየጁምዓው ትጠይቃቸዋለች፤ እንደገባችም ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ዱዓ ያደርጉላታል፤ ቃሉ ባይሰማም።

እንግዲህ ክቡር ኃላፊ፣ የእኛ ጉዳይ ተፈጽሟልና ለራሴ የምለምነው የለም። የምለምንዎ እትዬ ዓቢዳ ሰይድ ይመርን ወደ ሰንጠረዡ እንዲመልሱልን ነው። ስልክ የላቸውም፤ የተወለዱበትን ዓመት በትክክል አያውቁም። እባክዎ እነዚህን ቦታዎች ባዶ ይተዉላቸው፤ ከማንም አይሙሉላቸው።

በእርስዎ ትጋት ሰው መሆኑን በየወሩ ማስረዳት የለመደ፣ ለጊዜው በአንድ ረድፍ ላይ ብቻውን የሚገኝ ቤተሰብ አባወራ፣

አክባሪዎ
አብዱልሐሊም
ከመርሳ፣ ሐብሩ

ማሳሰቢያ፦ መሥሪያ ቤትዎ «ከተደጋጋሚ መረጃ ጸድተናል» በሚል የምስጋና ዝግጅት ሊያደርግ መሆኑን በወሬ ሰምቻለሁ። የጸዱት እትዬ ዓቢዳ ስለሆኑ በክብር እንግድነት ቢጠሩ ተገቢ ይመስለኛል፤ ደግፈን እናመጣቸዋለን። በር ላይ የሚቆመውን ሰው ብቻ፣ ስማቸውን ከመፈለግ ይልቅ ፊታቸውን እንዲያይ ይንገሩልን።