ክንዷ ዛለባት!

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2008፣ ሰበታ

በማስተር ፕላኑ ጣጣ መንገዱ ዛሬም ዝግ ነው። አዲስ አበባ ሐኪሙ ጋ መሄድ አልቻልንም። ልጄ ከተወለደ ጀምሮ፣ ትንሽ ከነኩት ቆዳው ውሃ ይቋጥርና ይላጣል። የማነሳው ከነትራሱ ነው። ደረቴ ላይ አቅፌው አላውቅም።

ከሰዓት ጎረቤቴ ጫልቱ የእሱን እኩያ ልጇን ታቅፋ መጣች። "አካም ጂርታ? ይሄ ደግሞ ካልታቀፈ አልተኛም ይላል፤ ክንዴ ዛለ እኮ!" አለችኝ።

ክንዷ ዛለባት!

"እስቲ ልያዝልሽ" ብዬ ተቀበልኳት። ደረቴ ላይ ለጥፌ አጥብቄ አቀፍኩት። ጉንጩን ሳምኩት፣ ጀርባውን አሸት አሸት አደረግኩት። ምንም አልሆነም። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው።

"በይ አምጪው፣ ያንቺው እያለቀሰ ነው" አለችኝ ጫልቱ።

ቶሎ አልሰጠኋትም።