የጓዳዋ ፎቶ

ሚያዝያ 4
የፎቶ ስቱዲዮው ሥራ ቀዝቀዝ ብሎ ዋለ። አንዲት ሙሽራ ከእጮኛዋ ጋር መጥታ፣ "ቁሙ፣ ሳቁ ሳትሉን ነው ማንሳት ያለባችሁ" አለች። ደስ አለችኝ። እኛስ የምንታወቀው በዚሁ አይደል? ባልደረባዬ አልበሙን፣ ድሮኑን፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ትልቁን ፎቶ አንድ በአንድ ደረደረችላቸው። አፏ ማር ነው... እኔ አነሳለሁ፣ እሷ ታወራለች። ስድስት ዓመት እንዲሁ ነው የኖርነው።

ሚያዝያ 9
የወንድሜን ሠርግ ፎቶዎች አስተካክዬ ጨረስኩ። አንዷን ግን ለብቻ አስቀመጥኳት። እማዬ ጓዳ ውስጥ ሳጥን ላይ ተቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እንደ ሕፃን አፏን ከፍታ ስታለቅስ። እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም።

ያን ቀን የካሜራውን ድምፅ ሰምታ ነበር። "አነሳሽኝ እንዴ?"

"አዎ እማዬ።"

"ነፍሱን ይማረውና አባታችሁ ትዝ ብሎኝ ነው... አደራ፣ ለማንም እንዳታሳዪ። ሙሽራዋን ጠልታ ነው ይሉኛል።"

"አላሳይም። አንቺን ይንሳኝ!"

የስቱዲዮው ኮምፒውተር ላይ "አይነካ" ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። ለባልደረባዬም ምክንያቱን ነገርኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እማዬ እኮ እሷንም "ልጄ" ነው የምትላት።

ሚያዝያ 21
ምንም የለም። ደክሞኛል።

ሚያዝያ 27
የሠርግ ኤግዚቢሽን። ስደርስ... እማዬ! ከኔ ቁመት በላይ ሆና፣ የኛ ቦታ መግቢያ ላይ። ከጓዳዋ ፎቶ ሥር "እውነተኛ ስሜት" የሚል ጽሑፍ።

"ምን አደረግሽ?" አልኳት ባልደረባዬን።

"ካሉን ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ሰው ሁሉ ቆሞ እያየው ነው።"

"ነግሬሽ አልነበር?"

"ውይ፣ አንቺ ደግሞ! እናትሽንም ፈቃድ ላስፈርም?"

አዎ! የተነሳው ሰው ሳይፈርም ምንም አንለጥፍም ብለን የለ? ቅጹን የጻፈችው ራሷ ናት። አውርጄ ጠቀለልኩት። ግን እስከዚያ ማን ማን አይቶት ይሆን?

ሚያዝያ 28
የወንድሜ ሚስት አይታዋለች። ጓደኛዋ በስልክ ልካላት። እማዬ ቤት ድረስ ሄዳ፣ "ሠርጌ ለቅሶ ሆኖብዎት ነበር እንዴ?" አለቻት። እማዬ ብታስረዳ፣ ብታስረዳ... አላመነቻትም።

እማዬ እኔ ላይ አልጮኸችም። "አደራ ብዬሽ ነበር" አለች፣ በቃ። እኔ አይደለሁም ልል አፌን ከፈትኩ። ምን ዋጋ አለው? ያቺን ሴት ያመንኳት እኔው ነኝ።

ግንቦት 6
ካሜራዬንና ሌንሶቼን ይዤ ከስቱዲዮው ወጣሁ። ከእንግዲህ ከባልደረባዬ ጋር አልሠራም።

"በአንድ ፎቶ ይሄን ሁሉ?" አለችኝ።

በአንድ ፎቶ! አልገባት ይሆን? ወይስ ገብቷታል? "ይቅርታ" ብትል እኮ... አላለችም።

ግንቦት 19
እማዬ ጋ ዋልኩ። የወንድሜ ሚስትም መጥታ ነበር፤ ቅዝቅዝ ቢልም ተጨዋወቱ። እሷ ከሄደች በኋላ እማዬ ሽንኩርት እየላጠች በሆነ ነገር ሳቀች። የመስኮቱ ብርሃን ፊቷ ላይ... እጄ ሳላስበው ካሜራውን አነሳ።

አየችኝ። ሳቋ ጠፋ። ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን ታጠበች፣ ፀጉሯን አስተካከለች። ወንበር ስባ ግድግዳው ጋ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብላ።

"እንዲህ ልሁን?" አለችኝ።

"ጥሩ ነው፣ እማዬ።"

አነሳኋት።