ከ«አዴላ» ላይ የወጡት ሳህኖች

ካሪያኩ

ዩኒየን ደሴት ላለችው የልጅነት ጓደኛዬ፣

ጠላቂዎቹ ትናንት ከ«አዴላ» ላይ ሳህን አወጡ።

ይህን ካልኩሽ በኋላ ወደ ሰላምታው ልመለስ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ያጠራቀምሽው የዝናብ ውኃ እስከ ሰኔ ያደርስሻል? እኔ ደኅና ነኝ፤ ፍየሎቼ ግን በየሰው ጓሮ እየገቡ ያሰድቡኛል። ቤቱ ሰፍቶኛል። ሁለቱን ክፍሎች የማከራየውም ከግድግዳው ወዲያ የሚያስነጥስ ሰው ሲኖር እንቅልፍ ስለሚወስደኝ ነው።

በዚህ ሳምንት ያረፉብኝ ከትሪኒዳድ የመጡ ስድስት ጠላቂዎች ናቸው። አለቃቸው ኬስተር የሚባል ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ሥራ ሲፈቱ እየተሰበሰቡ የሰመጠ መርከብ መጎብኘት ልማዳቸው ነው። የባሌን መርከብ «አዴላን» ሊያዩ እንደመጡ ሲነግሩኝ ቁርሳቸውን አቀረብኩላቸው። በጀልባው የወሰዳቸው ዓሣ አጥማጁ ሲምስ ነው።

ሲመለሱ ኬስተር የመረብ ከረጢቱን በረንዳዬ ላይ ዘረገፈው። «እትዬ፣ ባልሽ መርከብ ነበረው ወይስ ምግብ ቤት? መርከቧ ጣሪያ ላይ ሳህን ተከምሮ አገኘን! ጭነቱ የቤት ዕቃ ነበር እንዴ?» አለኝ።

«ጭነቱ ሲሚንቶና ሽንኩርት ነበር» አልኩት።

«ታዲያ ይሄስ?»

«ይሄ ራቱ ነው።»

ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። ሺቫኒ የምትባለው ልጅ «አትንካው አላልኩህም? አላልኩህም?» እያለች ትከሻውን መታችው። እሱ እጁን በሱሪው ጠረገ።

አንቺ ልማዳችንን ታውቂዋለሽ። ሌላው ሰው ለሙታኑ ጨው የሌለው ራት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያሳድራል። የእኔ ሰው መቃብር ስለሌለው በየዓመቱ የሙታን ዕለት ሲምስ ይወስደኝና ሳህኑን ከነምግቡ መርከቧ ላይ እለቃለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለአንቺም።

ሳህኖቹን ማጠብ ጀመርኩ። ሰማያዊ ጠርዝ ያላቸው ነጫጮቹ የቆርቆሮ ሳህኖች የእኔ ናቸው። ሌሎቹ ግን አረንጓዴ ቅጠል የተሳለባቸው ነበሩ። ገለበጥኳቸው። ዝገት ያልደረሰበት ቦታ ላይ ቀይ የቀለም ነጥብ አለ። እናትሽ ለድግስ ሳህን ስታውስ ተለውጦ እንዳይቀርባት የምታደርገው ነጥብ ነው። በእነዚያ ሳህኖች አብረን በልተን ነው ያደግነው።

ውኃውን ሳልደፋ ወደ ባሕሩ ዳር ወረድኩ። ሲምስ መረቡን ሲጠግን አገኘሁትና ሌላ ማንን እንደሚወስድ ጠየቅሁት። ቀና እንኳ አላለም።

«ሁለታችሁም ለማንም እንዳትናገር አላችሁኝ» አለኝ። «‹ማንም› ውስጥ አንቺም አለሽበት፣ እሷም አለችበት። እኔ ምን ላድርግ?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሳህኑን ስታጥቢ አልቆጠርሽም? አንቺ በሄድሽ ማግስት ትመጣለች። ታለቅሳለች፣ ሩም አረቄ ታፈሳለች፣ ትመለሳለች። አንቺ ግን አታለቅሺም። ስትቆጪው ነው የምታመሺው።»

አልዋሽሽም፤ አንቺንም እሱንም ሰደብኩ። ባሌ ወደ እናንተ ደሴት ጭነት በወሰደ ቁጥር ሞተሩ ይታመምና እዚያው ያድር ነበር። ያ ሞተር ሌላ ወደብ ታሞ አያውቅም። ያኔም ይህን አይቻለሁ፤ አንቺን ግን አልጠረጠርኩም።

ከቁጣው ይልቅ የከበደኝ ሌላ ነው። የጎረቤቶቼ ሙታን በሕልም እየመጡ «ራበን፣ የመቃብር ድንጋያችንን አቁሙልን» እያሉ ይጨቀጭቃሉ። የእኔው አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም። ሰዎች «ረክቶ ነው፤ ተመስገን በይ» ይሉኛል። እኔ ግን ሊቆጣኝ እንኳ ቢመጣ ደስ ባለኝ። ዘንድሮማ ባዶ ሳህን ልለቅለት አስቤ ነበር፤ ርቦት ይመጣ እንደሆነ ብዬ። ለካ የሚያጠግበው ነበረው።

አንቺ ጋ ይመጣል? ከመጣ ምን ለብሶ ነው? ያቺን የቀኝ እግሩን ጎተት የሚያደርጋትን ነገር ትቷል? እኔ ድምፁን እየረሳሁት ነው።

ማታ ሺቫኒን እሱ የቀረበት ሞተሩ ክፍል ገብተው እንደሆነ ጠየቅኋት። ያ ሁሉ ሲሚንቶ በየከረጢቱ እንደተደረደረ ድንጋይ ሆኗል አለችኝ። የሞተሩ ክፍል በር ከዚያ ጀርባ ነው፤ ማንም አይደርስበትም። መቃብር የለውም ስል ኖሬ ለካ ከሁሉም የጠነከረው የእሱ ነው።

ኬስተር ነገ ሳህኖቹን ወደ ቦታቸው ሊመልስ እናቱን ጠርቶ ምሏል። የአንቺንና የእኔን ለይቼ ልሰጠው ጀምሬ ነበር፤ ከዚያ ደራርቤ ሰጠሁት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከዓመታት በፊት የገዛሁለት ድንጋይ ማንጎው ሥር ተጋድሞ ሣር ውጦታል። የት እንደማቆመው አላውቅም ነበር። አሁን መርከቧ የሰመጠችበት ከሚታየው ጉብታ ላይ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ላቆመው ወስኛለሁ። ሁለት ፍየል ይታረዳል፤ ከበሮውም ይመታል። ይቅርታ በሚለመንበት ዘፈን ላይ ድንጋዩን ያቆሙት ሰዎች ቀድመው ይንበረከካሉ። የእሱ ወገን አልቋል፤ ልጅም አልወለድንም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የምንበረከከው ብቻዬን ነው።

ድንጋይ ጠራቢው ወረቀት ላይ ከባሌ ስም በታች «ያቆሙለት» ብሎ ጽፎ፣ ቀጥሎ የማንን ስም እንደሚጽፍ ጠየቀኝ። የእኔን ነገርኩት። «ሌላስ?» አለ። ከሥሩ ለአንድ ስም የሚበቃ ቦታ እንዲተውልኝ ነገርኩት።

ስምሽ እዚያ ከተጻፈ አገሩ ያውቃል። ወንድሞችሽም ይሰማሉ። ሰው በሁለታችንም ይስቃል፤ በእኔ ይበልጥ። እኔ ይህን አስቤ ጨርሻለሁ። አንቺም አስቢበት። መልስሽ እሺም ይሁን እምቢ፣ አልቀየምሽም።

ባሕሩ ይራራልሽ፤ የምትተክዪው ሁሉ ይጽደቅልሽ። ጉልበትሽን በሞቀ የባሕር ውኃ ማሸት አትተዪ።

ሲምስ ማክሰኞ ዓሣ ሊሸጥ ወደ እናንተ ይሻገራል፤ መልስሽን ለእሱ ንገሪው። ጠራቢው ረቡዕ ጠዋት ሥራ ይጀምራል።

ጓደኛሽ