ሳይቀመስ የሚሠራ ማዮኔዝ

መጋቢት 1፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ዛሬም ያ የላስቲክ ጠርሙስ ማቀዝቀዣው በር ላይ ቆሟል። «የጾም ማዮኔዝ» ይላል። ስማኝ ደብተሬ፤ እንቁላል የሌለው ማዮኔዝ ሥጋ የሌለው ቅቅል ነው። ለጾም ሰናፍጭ አለ፤ ዳጣ አለ። ምራቴ ራሔል ድንቼ ላይ ጨምቃ አቀረበችልኝ። ሳህኑን መለስኩ። ደረቅ ድንች በላሁ። አልጸጸትም።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

የልጅ ልጄ ሶልያና በመጪው ሳምንት ቅዳሜ ሰባት ዓመት ይሞላታል። ልደቷ ሁልጊዜ ሁዳዴ ውስጥ ነው። እኛ እንጾማለን፤ ሕፃናቱ ይበላሉ። የድንች ሰላጣው የእኔ ነው። ማዮኔዙን በእጄ እመታለሁ፤ አዳሪ ት/ቤት የባልትና መምህርታችን እንዳስተማሩን። አስኳል፣ ሰናፍጭ፣ ሎሚ። ዘይቱ ጠብ፣ ጠብ። የቸኮለች ከመጀመሪያው ትደግማለች። መቅመስ የለም፤ ጾመኛ ነኝ። በዓይኔና በአፍንጫዬ ነው የምሠራው።

ራሔል ዘንድሮ አይድከሙ፣ ከሱፐርማርኬት እንገዛለን አለች። አይድከሙ! ማን ደከመኝ አለ?

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ተናድጃለሁ።

ሶልያና ካቻፕና ማዮኔዝ ለውሳ ጥብስ ድንቿን ትነክርበታለች። ሮዝ ጭቃ! የእኔን የቀመሰ አፍ ይህን እንዴት ይችላል ብዬ ተቆጣሁ።

«ያንቺማ ተደፋ እኮ፣ እማማ! አምና! ጨው ብቻ ነበር። ጓደኛዬ ናቲ እንትፍ አለው።»

ስቃ መንከሯን ቀጠለች።

ራሔልን ጠራሁ። አንገቷን ደፍታ ነገረችኝ። እውነት ነው። ጨው ሁለት ጊዜ ጨምሬ ኖሯል። ልጄም ያውቃል። ሰላጣውን ደፍተው፣ ሌላ ድንች ቀቅለው፣ የጠርሙሱን ለውሰው በእኔ ሳህን አቅርበዋል። የሕፃናቱ እናቶች፣ ሁሉም ጾመኛ፣ አንዷም ሳትቀምስ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ልጆቹ ጨረሱት አሉኝ። እኔም አሜን አልኩ! ዓመት ሙሉ የፋብሪካ ምርቃት ይዤ ኖርኩ።

መጋቢት 6፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ መኝታ ቤቴን ዘጋሁ። ልጄ በሩን ሁለት ጊዜ አንኳኳ። እንዳላሳዝንሽ ብዬ ነው ይላል። ጨው በዝቷል ቢሉኝ ሌላ እመታ ነበር። እንደ ሕፃን አባበሉኝ! ሌላስ ምን ደፍተውብኛል? የገናውን ዶሮ?

ሁለተኛውን ጨው መቼ እንደጨመርኩ አላስታውስም። ይህን ለአንተ ብቻ።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ

መገናኛ ሄጄ ሎሚ በራሴ መረጥኩ። ሙከራ። ሶልያናን ጠርቼ በማንኪያ አቀመስኳት። ፊቷን አጨማደደች። ሎሚ በዛ፤ ካቻፕ ቢገባበት ይሻለዋል አለች። ምን ያለች ደፋር! ካቻፑን እንዳታነሺብኝ አልኳት። ሎሚውን ግን... አሸተትኩት። ልክ ናት። በእኔ ፊት እውነቱን የተናገረች እሷ ብቻ።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ወሰንኩ። ለራሔልም ነገርኳት፦ ማዮኔዙን እኔ እመታለሁ፤ ሶልያና ትቀምሳለች። ተበላሽቶ ከተገኘ የሚደፋው በእኔ እጅ ነው። ራሔል እሺ እማዬ አለች፤ ጠርሙሷን ግን ከማቀዝቀዣው አላወጣችም። አየሁ።

ሰባት ዓመት ከሞላት መጾም ትጀምራለች። የተወለደችው ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ምላሷ የእኔ ነው። የከርሞውን ለከርሞ።

2 ሰዓት ከ20። ጨው ገባ። አንድ ጊዜ። እዚህ ጽፌዋለሁ፤ ምስክሬ አንተ ነህ። ልጥራት —