ከሩቅ ጋላክሲ አጠገብ የታየውን ቅርጽ ሲያጠኑ የኖሩት የዶክተር ኤርካሎ ዳልጮ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ኤርካሎ ዳልጮ ከአባታቸው ከአቶ ዳልጮ ጩማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩዬ ጌታነህ በ1952 ዓ.ም. በኦፋ ወረዳ ገሱባ ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃውን ደግሞ ዘመድ ቤት ተጠግተው ሶዶ ተማሩ። በ1975 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ተመርቀው ሶዶ ላይ መምህር ሆኑ። በ1978 ዓ.ም. ከወይዘሮ ብርሃኔ ደገፉ ጋር ተጋብተው ሁለት ልጆች፣ አሮንንና ሚስጥርን፣ አፍርተዋል።

አርባን ካለፉ በኋላ ለዶክትሬት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲነሡ ብዙ ሰው «በዚህ ዕድሜ ምን ትምህርት ነው?» ብሎ ነበር። ወይዘሮ ብርሃኔ ግን ቤቱን ብቻቸውን ተሸክመው ሸኟቸው። ዶክተር ኤርካሎ ይህን ውለታ ሳያነሡ የቀሩበት መድረክ የለም።

ተመልሰውም በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ፣ ከሩቅ ጋላክሲዎች የሚመጣውን፣ ዓይን የማያየውን የሬዲዮ ሞገድ ማጥናት ቀጠሉ። አብልጠው የደከሙት ከአንድ ጋላክሲ ጎን ለታየ፣ ጎኑ የተቆረጠ ቀለበት ለሚመስል ቅርጽ ነው። ከጥንት ፍንዳታ የተረፈ ነው ብለው ለዓመታት ተከራከሩ።

በ2014 ዓ.ም. የማስተርስ ተማሪያቸው ብሩክታይት ይስሐቅ ሌላ ነገር ታያት። ጋላክሲው ከመሐሉ የረጫቸው ሁለት ፍሰቶች፣ እሱ በጋዝ ውስጥ ሲጓዝ ወደ ኋላ ታጥፈው ቀለበት መስለው ነው እንጂ ቀለበትስ የለም። መምህሯን ፈርታ ስታመነታ ከቆየች በኋላ በትምህርት ክፍሉ ሴሚናር ላይ የቅርጹን ምስል እያሳየች ተናገረችው። ዶክተር ኤርካሎ ምስሉን ቀርበው አዩት፤ ደግመውም አዩት። ከዚያ ወደ ተሰብሳቢው ዞረው፣ «ልጄ ትክክል ናት። ስሳሳት ኖሬያለሁ። በሕይወት እያለሁ ይህን ያሳየኝ ጌታ ይመስገን!» አሉ። ጥናቱ ሲታተምም ስሟ እንዲቀድም አደረጉ። ብሩክታይት ዛሬ በዚያው ክፍል መምህርት ናት።

በኩላሊት ሕመም በኦቶና ሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። አቅማቸው ደክሞም የአስታማሚዎቻቸውን እጅ ይዘው ማመስገን አልተዉም ነበር። ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ሌላ ሦስት የልጅ ልጆች፣ አንድ እኅትና በየትምህርት ቤቱ የተበተኑ ተማሪዎቻቸው ቀርተዋል።

ሰማያትን የፈጠረ ጌታ ነፍሳቸውን በዕረፍቱ ይቀበል፤ ወይዘሮ ብርሃኔንና ልጆቻቸውን ያጽና። እኚህን ሰው ስለ ሰጠን ስሙ ይባረክ። አሜን።