ሦስት ዓመት ያደረ መርዶ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ከቀኑ 8 ሰዓት

ዛሬም ዞሬ ሄድኩ። ከቤቴ እስከ ጤና ጣቢያው በእማማ ዘሀራ ሱቅ በር ቢኬድ አሥር ደቂቃ ነው። እኔ በወንዙ በኩል ግማሽ ሰዓት አደረግሁት። ለጤና ነው እላለሁ ለሚጠይቀኝ። ደብተሬ፣ አንተን እንኳ አልዋሽም፤ ሴትዮዋን እየሸሸሁ ነው።

ለጭንቀቴ የታዘዘልኝ ሕክምና አምስት ቀን፣ በቀን ሦስት ሰዓት ነው። መርፌ የለ፣ ክኒን የለ፤ ወሬ ብቻ። ባለሙያዋ ሐና ትባላለች። ከደሴ የመጣች፣ በዕድሜ ተማሪዬ ልትሆን የምትችል። ክፍሉ የአጎበር መጋዘን ነበር። ሁለት ወንበር፣ አንድ ጀሪካን ውኃ፣ አንድ ጥቅል ሶፍት። ሶፍቱን ወደ እሷ ገፋሁላት።

ተራ ስጠብቅ ጋሽ ካሳዬን ተዋወቅሁ። ከኒሯቅ ሁለት ቀን በእግራቸው የመጡ ገበሬ። ድሮ ሕክምናው በሳምንት አንድ ሰዓት ነበር አሉ። «ላንድ ሰዓት ወሬ አራት ቀን ልመላለስ? ወሬማ እዚያው ሞልቶኝ!» ብለው ቀሩ። እንደሳቸው የቀረው ሲበዛ ሰዓቱን አጠራቅመው ባንድ ሳምንት አደረጉት።

ወረቀት ተሰጠን፤ ጭንቀትህ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው የሚል። እኔ ስድስት ጻፍኩ። ጋሽ ካሳዬ ዜሮ አስሞሉ። «ተመስገን» ማለት ሲገባ አሥር ማለት፣ እንደሳቸው አባባል፣ እግዜርን ወረዳ ፍርድ ቤት መክሰስ ነው።

ማክሰኞ፣ 11

ሕክምናው እንዲህ ነው፤ የሆነውን እዚያው እንደቆምኩ ሆኜ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መናገር አለብኝ። ለአንተ በአጭሩ።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ነሐሴ። ጦርነቱ መጥቶ ከተማው ሲሸሽ እኔና ሰ. አብረን ወጣን (ስሙን ሙሉውን መጻፍ ዛሬ አልሆነልኝም)። እሱ የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ የእማማ ዘሀራ አንድ ልጅ። ተራራው ላይ ጥይት አገኘው። ቀበርኩት። ከእኔ በቀር ያየ የለም።

ከወር በኋላ ስመለስ እናቱን ገበያ መሀል አገኘኋቸው። ብቻቸውን፣ ቆመው፣ በርበሬ እያስመዘኑ። «ልጄስ?» አሉኝ። መርዶ ደግሞ ገበያ መሀል አይነገርም። ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ደጋፊ በግራ በቀኝ ቆሞ ነው። ይህን የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም። ስለዚህ «መንገድ ላይ ተለያየን፣ ይመጣል» አልኳቸው። ነገ በወጉ እመጣለሁ ብዬ ነበር። ነገ ሦስት ዓመት ሆነው። እሳቸው አሁንም በየገበያው ቀን መናኸሪያ ወርደው ሾፌሮቹን ይጠይቃሉ።

ዛሬ ተራራው ላይ ስደርስ ሸሸሁ። ስለ ዋግ የመሬት አቀማመጥ አርባ ደቂቃ ገለጻ ሰጠሁ። የአፈር መሸርሸርንም አልተውኩም። ሐና በትዕግሥት ሰምታ «መምህር፣ ተራራውን ጨረስነው። ወደ ሰውየው እንመለስ?» አለችኝ። ሕክምናው አንድ ሰዓት ብቻ ቢሆን አምልጬ ነበር። ገና ሁለት ሰዓት ይቀረኝ ነበር።

ረቡዕ፣ 12

ሦስት ጊዜ ተናገርኩት። ሦስቱንም ጊዜ አፈሩ ላይ ቆመ። እጄ፣ ጭቃው፣ ጭጋጉ። ከዚያ ወዲያ የለም።

በእረፍት ሰዓት ለተማሪ ከአሥር አሥር ሰጥቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በሃያ ሁለት ዓመት አንድም። ትልቁስ? ስድስት ተኩል፤ እሱም ደብዳቤ ጽፎ አመስግኖኛል። ወረቀቴን አወጣች፣ ስድስቱን ሰርዛ ዘጠኝ ጻፈች። ያለፈቃዴ ስታረም የመጀመሪያዬ ነው።

ራስ ምታት። ነገ አልሄድም። ወስኛለሁ።

ሐሙስ፣ 13። ከቀኑ 9 ሰዓት

ሄድኩ። ጧት ጋሽ ካሳዬ የቤቴን በር በዱላቸው መቱ። ቤቴን ማን እንዳሳያቸው አላውቅም። «እኔ ተራራ ወርጄ ገደል ወጥቼ መጣሁ፤ አንተ የዚሁ መንደር ሰው ትቀራለህ? ውጣ!» ጫማዬን እስካስር ቆመው ጠበቁኝ።

ስሙን ልጻፈው፤ ሰይድ።

ዛሬ ለማንም ያልተናገርኩትን ተናገርኩ። ሰይድን በቀኝ ጎኑ አስተኛሁት፤ ይህን በሙስሊም ጎረቤቶቼ ቀብር አይቻለሁ። ፊቱ ግን ወደ መካ መሆን አለበት። ከእኛ አገር መካ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ነው፤ ለልጆች በካርታ ያሳየሁት ነገር ነው። ግን ጭጋግ ነው። ፀሐይ የለ፣ ጥላ የለ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ሰሜን ጠፋው። በግምት አዞርኩት። እናቱ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ይህን ነው። የምሸሸው እሱን ጥያቄ ነው።

ሐና «ከዚያስ?» አለች። ከዚያ የለም አልኩ። «መምህር፣ እዚያ አልቀሩም። እዚህ ተቀምጠዋል። ከዚያስ?»

ሰዓት ስላለ ማንም አልቸኮለም። ሦስተኛው ሰዓት ላይ ቀሪው ትዝ አለኝ። ድንጋይ ደረደርኩ። በራስጌው አንድ ረጅም ድንጋይ አቆምኩ። በግርጌው በኩል ቁልቁል ወረድኩ። አንዴ ዞር አልኩ። ጭጋጉ ተቀደደ፤ የማለዳ ፀሐይ ከራስጌው ድንጋይ ጀርባ ብቅ አለች፣ ጠፋች።

ራስጌው ወደ ምሥራቅ ነው ማለት ነው። በቀኝ ጎኑ ተኝቷል። ፊቱ ወደ ሰሜን ነው!

ወረቀት ለምኜ ሁለት ጊዜ ሣልኩት። ሐና አልገባትም። ወለሉ ላይ በቀኝ ጎኔ ተኝቼ አሳየኋት። በሩን የከፈተው ዘበኛ አየን፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ዘጋው። እኔ እየሳቅሁ ይሁን እያለቀስኩ አላውቅም።

ዓርብ፣ 14

ታሪኩን ዛሬ እስከ መጨረሻው ሁለት ጊዜ ሄድኩበት። ያማል። ግን አፈሩ ላይ አይቆምም፤ ተራራውን ይወርዳል። ለጭንቀቴ አራት ሰጠሁ። ሐና አላረመችኝም።

ጋሽ ካሳዬ ወደ አገራቸው ተነሡ። በዜሮ ጀምረው በሰባት ጨረሱ። «ብሶብኝ እንዳይመስልህ። እውነቱን መናገር ለምጄ ነው» አሉኝ። ተቃቅፈን ተለያየን።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐጂ እንድሪስ፤ የእማማ ዘሀራ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። መቁጠሪያቸው ቆመ። «ሦስት ዓመት! ልጁን አንድ ጊዜ ቀበርከው፣ እሷን ግን በየገበያው ቀን» አሉኝ። ቆይተው ፊቱ ወዴት እንደሆነ ጠየቁ። ወረቀቱን ዘረጋሁ። ጣታቸው ሰሜን ላይ ረጅም ጊዜ ቆየ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው።

መርዶው እሑድ ጎሕ ሲቀድ። ጋዝጊብላ ያሉት ዘመዶች ነገ ይገባሉ። ከሐዘኑ በኋላ ወደ ተራራው የምመራቸው እኔ ነኝ።

እሑድ፣ 16። ከንጋቱ 11 ሰዓት

በደንብ ተኛሁ። አሳፋሪ ነው፤ ግን ተኛሁ።

ትናንት ሐጂ ወጉን አስረዱኝ፤ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው፣ እኔ ከኋላ እቆማለሁ፣ ስጠየቅ ብቻ እመልሳለሁ። ይመቸኛል። ከሚገባው በላይ ይመቸኛል። እስከ ማታ ሳስበው ዋልኩ፤ እዚህ ያደረሰኝ ወግ አመካኝቼ ማምለጤ ነው።

አሁን ሐጂና ዘመዶቹ ደጄ ላይ መጥተዋል። ወጥቼ ነገርኳቸው። «ሐጂ፣ ከፈቀዱልኝ እኔ ልናገር፤ እማማን የዋሸኋቸው እኔ ነኝ» አልኩ። ሌሎቹ አጉረመረሙ። ሐጂ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «እኔ አንኳኳለሁ፣ አንተ ትናገራለህ። ጉልበትህ ከከዳህ ግን ወዮልህ» አሉ።

ጋቢዬን ልወስድ ገብቼ ነው ይህን የምጽፍልህ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ይዣለሁ፦ እማማ፣ ሰይድ ብቻውን አልነበረም፤ እጁን ይዤው ነበር። ሁለተኛው፦ ዋሽቼዎታለሁ። ሦስተኛውን እዚያው… ሐጂ እየጠሩኝ ነው።